«ሰባቱ የቤት ቀለም ሕጎች» ለደሴ ሳሎን አይሰሩም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር፣ ለኔ ብቻ አራት ደንበኞቼ ልከውልኛል፣ አንዷማ «እንግዲህ አንቺ ያልሽኝን ልተወው ወይስ ምን ይሻለኛል?» ብላ ነው የላከችው። ቤት ስለሚያሳምሩ ሰባት የቀለም ሕጎች ነው። ላላነበበ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ አንደኛ አንድ ክፍል ውስጥ ከሦስት ቀለም በላይ አይግባ፣ ሁለተኛ ግራጫና ነጭ መቼም አያሳፍርም፣ ሦስተኛ ቀይ ሳሎን ውስጥ ደም ግፊትና ጠብ ያመጣል፣ አራተኛ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ፀሐይ ስለማያገኝ ሞቅ ያለ ቀለም ይቀባ፣ አምስተኛ መጀመሪያ ግድግዳው ይቀባና ዕቃው በኋላ ይዛመድለት፣ ስድስተኛ መጋረጃ ምንጣፍና ሶፋ አንድ ዓይነት ቀለም ይሁኑ፣ ሰባተኛ ሰፌድና መሶብ ዓይን ስለሚረብሹ ጓዳ ይግቡ።

እኔ ደሴ ውስጥ መጋረጃ እሰፋለሁ፣ የትራስና የመጅሊስ (ግድግዳ ዞሮ ወለል ላይ የሚዘረጋው መቀመጫ) ልብስም እሰራለሁ፣ 11 ዓመት ሊሆነኝ ነው። ዲዛይን የሚባል ነገር አልተማርኩም። ግን ቀለም መምረጥ አቅቷቸው ጨርቁ መደርደሪያ ስር ቆመው እንባ እንባ የሚላቸውን ሰዎች በየሳምንቱ ነው የማየው፣ ሌላ ነገር ላይ ጎበዝ የሆኑ ሰዎች ናቸው፣ ነጋዴ አሉ፣ አስተማሪ አሉ፣ እዚህ ጋ ሲደርሱ ግን «እኔ ቀለም ላይ ዜሮ ነኝ» ይላሉ። ዜሮ አይደሉም። ሱቅ ውስጥ ቆመው ስለሚመርጡ ነው፣ እዛ ቤታቸው የለም፣ መብራታቸው የለም፣ ምንጣፋቸው የለም፣ ምኑን ከምን ያዛምዱት? ጽሑፉም ያው ሱቅ ውስጥ ነው ያለው፣ አንድም ቦታ «ቤታችሁ ምን አለ» ብሎ አይጠይቅም። ወንድማችን ሰው ይቅለለው ብሎ እንደጻፈው ይገባኛል፣ ልክ የሆነበትንም እናገራለሁ።

ከአምስተኛው ልጀምር ምክንያቱም ብር የሚያስበላው እሱ ነው። «መጀመሪያ ግድግዳውን ቀቡ» ይላል። ኧረ በሞቴ! ቀለም እኮ ዛሬ በማሽን ነው የሚቀመመው፣ ቁራጭ ጨርቅ ይዛችሁ ሄዳችሁ «ይሄን የሚመስል» ብትሉ ቢያንስ የሚቀርበውን ያወጡላችኋል። ጨርቅ ግን ነጋዴው ጭኖ ያመጣው ነው ያለው፣ ስምንት ወይ አስር ቀለም፣ ሲያልቅ አለቀ። ምንጣፍ ከዛም ይጠባል፣ መጅሊስማ ልጅ ከጅዳ የላከችው ከሆነ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፣ መጥቷል በቃ። ታዲያ ምርጫ የሌለውን አስቀድማችሁ ምርጫ የሞላውን መጨረሻ ላይ ብታደርጉት አይሻልም? ዓምና አንዲት ልጅ ሳሎኗን የሎሚ ቅጠል አረንጓዴ አስቀብታ መጣች፣ ስልኳ ላይ ያየችው ነው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሱ የሚሆን መጋረጃ ፈልጋ አጣች፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳውን እንደገና አስቀባች። ቀቢው ሁለቴ ተከፈለው፣ ደስ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ቀቢ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ፣ ቀለሙን በዓይኑ እየበጠበጠ የሚያዘጋጅ ቀቢ ከሆነ ለሙሉ ክፍሉ የሚበቃውን በአንድ ባልዲ በጥብጦ ይጨርስ። አንድ ግድግዳ ሲቀር ቀለሙ ካለቀ ያንኑ ቀለም ድጋሚ አያወጣውም፣ ቢምልም አያወጣውም። በማሽን የተቀመመ ከሆነ ደግሞ የኮድ ቁጥሩን ባልዲው ላይ ካለው ወረቀት ፎቶ አንሱት። እና ከካታሎግ ላይ ጥፍር የምታህል ቀለም አይቶ ሙሉ ቤት መቀባት የሚባለውን ነገር ተዉት፣ ትንሿ ላይ ለስለስ ያለው ግድግዳ ሲሞላ ይጮሃል፣ ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ እርጥብ እያለ ፈካ ብሎ ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ስለዚህ ቀቢው ገና የመጀመሪያውን ሮለር ሲያስኬድ «ውይ ነጣብኝ» ብላችሁ ጥቁር አታስጨምሩት። ትንሽ ግዙ፣ ትልቅ ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ቀብታችሁ አድርቁት፣ ከዛ ካርቶኑን ጠዋት አንዱ ግድግዳ ላይ ማታ ሌላው ላይ አስደግፉት፣ ሁለት ቀን ከሱ ጋር እደሩ። ለካርቶን ብዬ አላስከፍልም።

አሁን ስድስተኛው። ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን የሚለው። በዚህ የተነሳ ከሰው ጋር ተጣልቻለሁ። አንድ እናት ክሬም ጨርቅ መርጠው፣ ለክተን፣ ሰፍቼ፣ ልጁ ሄዶ ሰቀለላቸው። በነጋታው ሱቅ መጡ፣ ተቆጥተዋል፣ «ልጄ፣ ያሳየሽኝ ክሬም ነበር የሰቀልሽልኝ ግን ሮዝ ነው፣ ጨርቁን ቀይረሽብኛል» አሉኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ስባል አልችልም፣ ጥቅሉን አውጥቼ አሳየሁ፣ ክሬም ነው፣ አላመኑኝም፣ ተያይዘን ቤታቸው ሄድን። ወላሂ ሮዝ ነው! ራሴን ተጠራጠርኩ። ግድግዳቸው አረንጓዴ ነበር። የመጋረጃውን ጫፍ ይዤ ነጩ በር ላይ ለጠፍኩት፣ ክሬም ሆነ፣ ወደ ግድግዳው መለስኩት፣ ሮዝ ሆነ። እሳቸው ራሳቸው ጫፉን ተቀብለውኝ ሦስት ጊዜ ወዲያ ወዲህ አመላለሱት፣ «ሱብሃነላህ» አሉና ቡና አፈሉልኝ።

በኋላ ላይ ነው ይሄ ነገር ስም እንዳለው ያወቅኩት። ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በፈረንጆቹ 1824 ፓሪስ ጎብለን በሚባለው የሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያው ኃላፊ ሆኖ ይሾማል፣ እዛ ከሚቀርቡለት አቤቱታዎች አንዱ ጥቁሩ ክር ይደበዝዛል የሚል ነበር። ቀለሙን መረመረው፣ ምንም የለበትም። ጥቁሩ ከሰማያዊና ከወይን ጠጅ አጠገብ ሲሸመን ነው የሚደክመው። ያገኘውን በ1839 አሳተመው፣ አንድ ቀለም አጠገቡ ያለውን ቀለም ከራሱ ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል ነው ነገሩ፣ አረንጓዴ ጎረቤቱን ወደ ቀይ ቀይ ይገፋል፣ የኛ ክሬም ሮዝ የሆነው ለዛ ነው። ሰውየው ያኔ የደረሰበት አቤቱታ እና እኔ ላይ የደረሰው አንድ መሆኑን ሳውቅ በጣም ነው የሳቅኩት።

እና «አንድ ዓይነት» የሚባለው ነገር ባስቀመጣችሁበት ቦታ ይለወጣል ማለት ነው። በዛ ላይ ሁለት ጨርቅ የተነከሩበት ቀለም የተለያየ ከሆነ ሱቅ ውስጥ በነጩ መብራት አንድ መስለው ውጭ ፀሐይ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። በር ላይ አውጥታችሁ እዩት የምላችሁ ለጨዋታ አይደለም! ሶፋውና መጋረጃው ሊመሳሰሉ ብለው ትንሽ ከተሳሳቱ ከነጭራሹ ከተለያዩት ይብሳል፣ የተለያየ ነገር አስበሽበት ይመስላል፣ ትንሽ የሳተ ግን ፈልገሽ አጥተሽ እንደሆነ ያስታውቃል። ይልቅ ምንጣፋችሁን ተንበርክካችሁ እዩት። የደመቀውን ትልቁን ቀለም ተዉትና ጥግ ላይ፣ አበባው ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሿን ቀለም ፈልጉ፣ እሷን ለመጋረጃ ወይ ለግድግዳ አሳድጓት። ወይን ጠጅና ወርቃማ መጅሊስ የመጣለት ሰው መጋረጃም ወይን ጠጅ ሲጨምርበት ክፍሉ ዋሻ ይሆናል፣ ከምንጣፉ ላይ ያችን የደረቀ ሳር የመሰለች ቢጫማ ክሬም አውጥተን መጋረጃ ስናደርጋት ግን መጅሊሱ ራሱ ይከበራል።

ወደ አራተኛው። ሰሜን የሚያይ ክፍል ፀሐይ አያገኝም የሚለው አውሮፓ ላይ ልክ ነው። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ነው እኮ። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን አለፍ ብላ በሰሜን በኩል ነው የምትሆነው፣ ያውም ሐምሌና ነሐሴ በጉምና በዝናብ ስለምትሸፈን ብዙ አናያትም እንጂ። ስለዚህ ደሴ ላይ ሰሜንና ደቡብ ብላችሁ ኮምፓስ አትፈልጉ፣ ምስራቅና ምዕራብ ነው የሚለየው። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መኝታ ቤት ሌላ ነው፣ ከሰዓት የሚገባበት ሌላ ነው፣ ጦሳ ስር ያለ ቤት ደግሞ ፀሐይዋ ተራራው ጀርባ ስትገባ ከሌላው ሰፈር ቀድሞ ይጨልምበታል። ቤታችሁ ፀሐይ በስንት ሰዓት ገብታ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ጠዋት ልብስ የት ታሰጣላችሁ? በቃ መልሱ እሱ ነው።

መብራቱን ግን ጽሑፉ አንድ መስመር እንኳን አልሰጠውም፣ እኔ እንደውም ሕግ ጻፊ ብባል የመጀመሪያው ይሄ ነበር። አብዛኞቻችን ሳሎናችንን የምናየው ማታ ነው። አምፖሉ ካርቶን ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ካለ ነጭ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ነው፣ 3000 የሚል ካለ ቢጫ፣ ሞቅ ያለ። የኔን ጉድ ልንገራችሁ፣ ቤቴን እንደያዝኩ ሳሎኔን ሚንት አረንጓዴ ቀባሁት፣ ቀን ላይ ሲያምር! ማታ ነጩን አምፖል ሳበራው መስታወት ውስጥ ያየሁት ፊት የኔ አልመስልሽ አለኝ፣ ሦስት ቀን ወባ የተኛችበት ሰው ነው። አክስቴ ከሐይቅ ከተማ መጥታ በሩ ላይ ቆም አለችና «እታለም፣ ምነው ሆስፒታል አስመሰልሽው?» አለችኝ። እንደገና ለማስቀባት ብር አልነበረኝም፣ አምፖሉን ቀየርኩት፣ ከዛ በኋላ ሁለት ዓመት ኖርኩበት። ስለዚህ ቀለም አልሆነኝም ብላችሁ ከመበሳጨታችሁ በፊት አምፖል ቀይራችሁ እዩት፣ ከባልዲ ቀለም ይረክሳል።

አንደኛው ሕግ፣ ሦስት ቀለም። እዚህ ጋ ወንድማችን «ቀለም እንደ ዜማ ነው፣ ሲበዛ ይረብሻል» ብሏል። ወሎ ሰው ፊት ይሄን ምሳሌ ባያመጣ ይሻለው ነበር! የባቲ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፣ አምባሰልም አምስት ነው፣ ትዝታና አንቺ ሆዬም እንደዛው፣ ማን ነው በዛብኝ ያለ? ዋናው የትኛው እንደሚመራና የትኛው ብቅ ብሎ እንደሚመለስ ማወቅ ነው። ያ 60 30 10 የሚሉት ስሌት ራሱ (ከመቶ 60 ግድግዳ፣ 30 ዕቃ፣ 10 ማድመቂያ) ለጀማሪ ክፉ አይደለም፣ እኔም ለደንበኛ «አንዱን አብዢው አንዱን ቆንጥሪው» እላለሁ፣ እዚህ ላይ ተስማምተናል። ግን የኛን ሳሎን አስቡት። መጅሊስ ሦስት ግድግዳ ዞሮ ታችኛውን ግማሽ ይዞታል፣ መጋረጃ ከዳር እስከ ዳር አንዱን ግድግዳ ሙሉ ውጦታል፣ ቡፌ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ። ግድግዳው 60 የሚሆነው የት አባቱ ነው? የኛ ቤት ላይ የሚበዛው ጨርቅ ነው፣ 60 የምትሉት መጋረጃና መጅሊስ ላይ ነው ያለው፣ ግድግዳው ከላይ በኩል እንደ ሻሽ ብቅ ያለች ነገር ናት። ሰው ግድግዳ ላይ ሲጨነቅ ከርሞ መጋረጃውን በአስር ደቂቃ የሚመርጠው ይሄን ስለማያስተውል ነው።

ግራጫና ነጭ። አይ እንግዲህ። ኮምቦልቻ ብንሆን አልከራከርም፣ እዛ ሙቀት ነው፣ ነጭ ግድግዳ ያምራል፣ ዓይንም ያቀዘቅዛል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው መሃላቸው ያለው ግን ሌላ አገር ነው፣ ክረምት ላይ ጉሙ መስኮት ድረስ መጥቶ ያንኳኳል፣ ከውጭ ግራጫ ከውስጥ ግራጫ ምን ይሁን ብለሽ ነው? ግራጫ ደግሞ አንድ ቀለም አይደለም፣ ውስጡ ሰማያዊ ያለው አለ፣ አረንጓዴ ያለው አለ፣ ወደ ቡኒ የሚያደላ አለ፣ ሰማያዊ ያለውን መርጣችሁ ያንን ነጭ አምፖል ካበራችሁበት ሳሎናችሁ ቁጥር ይዛችሁ ወረፋ የምትጠብቁበት ባንክ ቤት ይመስላል። ባላገሩ ይሄን ልዩነት ድሮ ነው የለየው፣ ዳለቻ በሬ ሌላ፣ ገብስማ ዶሮ ሌላ፣ ቡላ ሌላ። አባቴ ከመቶ ሜትር ላይ ሆኖ ይለያቸዋል፣ ያው ሰው ቀለም ቤት ብትወስዱት «እኔ ቀለም አላውቅም» ነው የሚላችሁ።

ነጭ ደግሞ ቡና በቀን ሁለቴ ሦስቴ የሚፈላበት ቤት ውስጥ ነጭ ሆኖ አይቆይም፣ ከሰሉ አለ፣ ዕጣኑ አለ፣ አድሩስ የሚባለው ዕጣን የሚጨስበት ቤት ከሆነማ ከረከቦቱ በላይ ያለው ኮርኒስ በዓመቱ ቢጫ ክብ ይሰራል። የግድ ነጭ ካላችሁ ክሬም የነካውን ነጭ ውሰዱ፣ ጭሱ ሲጨመርበት ያላሰባችሁት እንዳይመስል። ከወገብ በታች ደግሞ ልጅ ካለ የሚታጠብ ቀለም ይሁን፣ ያንን ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝም።

ቀዩን ቶሎ ልለፈው። «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ይላል፣ የማን ጥናት እንደሆነ አይልም። ቀለምና ስሜት ላይ የተሰሩ ጥናቶች አሉ፣ ውጤታቸው ግን የተደባለቀ ነው፣ ቀይ ትራስ አይቶ ግፊቱ የተነሳበት ሰው እኔ አላጋጠመኝም፣ ሒሳቡን ሳሳየው የተነሳበት ግን አለ። ላስታ ላይ ሰው በቀይ ድንጋይ ቤት ሰርቶ ሲኖር ኖሯል፣ ቀይ ቤት ስለሰራ ጠበኛ ነው ያለ የለም። ሙሉ ግድግዳ ደማቅ ቀይ ቀቡ አልልም፣ እሱ ዓይን ያደክማል፣ ግን ብርድ አገር ላይ ሸክላ የመሰለ ቀይ ትራስ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ነፍስ ይዘራል።

ሰባተኛው ላይ ነው ግን የተናደድኩት። ሰፌድና መሶብ ዓይን ይረብሻል፣ ጓዳ ይግባ። ወንድሜ፣ ቀለም ማዛመድ ያቃተው ሰው ቤት ውስጥ ቀድሞ የተዛመደ ነገር ቢኖር ያ ሰፌድ ነው! ያችው «ሆስፒታል አስመሰልሽው» ያለችኝ አክስቴ ስፌት ትሰፋለች፣ አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳያት ወይን ጠጅ የነከረችውን አክርማ (የስፌት ሳር) ካልተነከረው ቢጫማ አጠገብ ነው የምታስገባው፣ ፈረንጆቹ ቀለሞችን በክብ ደርድረው ተቃራኒ የሚሏቸው ሁለቱ ቀለሞች ናቸው፣ እሷ ክቡንም አላየችው። ከዛ አንድ ዙር አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሰፋ አድርጋ ያልተነከረ አክርማ ብቻ ሰፋች። «ለምን ባዶ ተውሽው?» ብላት ቀና ሳትል «ዓይን ይረፍበት ብዬ ነዋ» አለችኝ። ይሄው፣ የ60 30 10 ነገር ሰፌዱ ላይ ተሰፍቶ ተቀምጧል። እና እሱን ጓዳ ከተን ስልክ ላይ ግራጫ ሳሎን ስንፈልግ እንውላለን።

«ያልሽኝን ልተወው ወይ?» ያለችኝ ልጅ፣ መጅሊሷ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፣ እህቷ ከሪያድ የላከችላት፣ ሊቀየር አይችልም፣ እንዲቀየርም አትፈልግም። እናቷ የሰፋችላት ሰፌድ ግን ጽሑፉን ካነበበች በኋላ አውርዳው አልጋ ስር ነበር፣ ይዘሽው ነይ አልኳት። ቅዳሜ በፌስታል ይዛው መጣች፣ በር ላይ ፀሐይ ላይ አውጥተን ከትራሱ ልብስ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥነው፣ ሰፌዱ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር አለ፣ መጅሊሱን ቁርጥ ነው። መጋረጃው ያልተነከረ አክርማ የመሰለ ሆነ፣ ትራሶቹ ሁለቱ ሸክላ ቀለም፣ ግድግዳው ከመጋረጃው አንድ ደረጃ ፈካ ያለ፣ ካርቶን ላይ ቀብታ ሁለት ቀን አይታዋለች። ቀቢው ማክሰኞ ይጀምራል። አምፖሉን ግን ቀይሪ ብያት እስካሁን አልቀየረችም፣ አሁን ይሄን ጽፌ ስጨርስ ደውዬ ልጨቀጭቃት ነው።